የአያቴ የመጨረሻ ጀልባ

አያቴ ሰባ ዓመት አልፎታል። "አንድ የመጨረሻ ጀልባ ገዝቼ ዓሣ እያጠመድኩ ልሙት" ብሎ ሙጭጭ አለ። እናቴ ደግሞ "ክፍል ውስጥ እጅ ማውጣት ጀምረሻል አይደል? አንቺ ተው በይው" ብላ ከሰመራ አፋምቦ ሐይቅ ድረስ አብሬው እንድሄድ ላከችኝ።

ጀልባ ሻጩ "ወስዳችሁ ሞክሯት" ብሎ ዳር ላይ ቀረ። ሐይቁ መሃል ስንደርስ ጫማዬ ራሰ። ዋና ደግሞ አልችልም።

"አባባ፣ ውሃ እየገባ ነው!"

"እንጨት ሲርስ ያብጣል፣ ስንጥቁ ይገጥማል። አትፍሪ ልጄ።"

ይሄኔ አንድ አያቴ የሚያውቀው አፋር ዓሣ አጥማጅ በጀልባው መጣ። ጉዴ ፈላ! እዚህ አገር ሁለት ሰው ከተገናኘ ዳጉ አለ፤ ያየውንና የሰማውን ሁሉ ሳይነጋገር አይተላለፍም። ማቋረጥ ነውር ነው። አያቴ ከወሎ ቢመጣም እዚሁ ነው ያረጀው፤ መቅዘፊያውን አስቀምጦ መስማት ጀመረ። ስለ ዝናቡ፣ ስለ ግመሎቹ፣ ሰርዶ ላይ ስለተገለበጠው ተሳቢ... ውሃው ቁርጭምጭሚቴ ደረሰ። ዳር ላይ ተኝቶ የነበረ አዞ ቀስ ብሎ ሐይቁ ውስጥ ገባ። ክፍል ውስጥ ቀድሞ የሚወጣው እጄ ጀልባዋን ጨምድዶ አልነሳ አለኝ። በመጨረሻ "አባባ!" ብዬ ጮህኩ።

"ዝም በይ! ሰውዬው አልጨረሰም።"

"አንድ ወሬ ነው የቀረኝ" አለ ሰውዬው። "ያ ጀልባ ሻጭ፣ 'ጀልባዬ ከእንግዲህ ብዙ አትቆይም፤ እሱም ብዙ የማይቆይ ሽማግሌ ካገኛችሁ ላኩልኝ' እያለ ነው።"