በብርጭቆ ወረቀት የተበቀልኩት

ምናለሽ ተራ ያደገ ሰው አሮጌ ነገር ካልታደሰ እንደማይሸጥ ያውቃል። እኔም ፈረንጅ አገር አውሮራ ከተማ መጥቼ ጥይት በእጅ እያጎረሱ የሚተኩሷቸውን የጥንት የአደን ጠመንጃዎች መሰብሰብ ስጀምር፣ የመጀመሪያውን ፍቄ፣ ቫርኒሽ ቀብቼ፣ እንደ ሙሽራ ኩዬ ገን ሾው የሚሉት የጠመንጃ ገበያ ወሰድኩት። አንድ ሽማግሌ ፈረንጅ አገላብጠው አዩና "ገደልከው" አሉኝ። ለካ ሰብሳቢ የሚፈልገው የፋብሪካውን ቀለምና የዘመኑን ጭረት ነው! ይህን ትምህርት ለማንም አልተነፈስኩም።

ፓርክ ሂል የሚባል ሰፈር ባላቸው የሞተባቸው አንዲት አሮጊት ነበሩ። የሟቹ ጠመንጃ ሰደፉ ዋልነት ከሚሉት ውድ እንጨት፣ ብረቱ ከነቀለሙ፣ ማንም ያልነካካው። ክረምቱን ሙሉ ደጃቸውን በረዶ ስጠርግ ከርሜ "ላንተ ነው የምሸጠው፣ ቅዳሜ ና" አሉኝ። ጥፋቴ ለታክሲ ነጂው ጓደኛዬ ማውራቴ ነው። እኔ ቅዳሜን ስጠብቅ እሱ ሐሙስ ሄዶ "እሱ ነው የላከኝ" ብሎ ከእሳቸው ገዛው። ቅዳሜ ስደርስ፣ "የላክኸው ልጅ እንዴት ጨዋ ነው!" አሉኝ።

አልተጣላሁትም። ሳምንት ሳይሞላ ቻምበርስ ሮድ ላይ ባለችው የግንባታ ዕቃ ሱቄ በር ላይ ፓርክ አድርጎ፣ ጠመንጃውን በብርድ ልብስ ጠቅልሎ ገባ።

"ወንድሜ፣ አልተቀየምከኝም አይደል? ቀደምኩህ እንጂ አልሰረቅኩህም።"

"ኧረ ተው፣ እኔና አንተ!"

"ገን ሾው ላይ ጠረጴዛ ይዣለሁ። ግን እየው እስቲ፣ ተጫጭሯል። እንዲሁ ላቅርበው?"

"በፒጃማ ሰርግ ትሄዳለህ እንዴ?"

ብርጭቆ ወረቀት ከመደርደሪያ አውርጄ በነፃ ሰጠሁት። "እስኪያበራ ፈግፍገው። ብረቱንም እንዳትረሳ።"

"አንተ እኮ ሰው ነህ!" ብሎ አቀፈኝ።

የገን ሾው ለት ማልጄ ሄድኩ። ጠመንጃው ከሩቅ ያብለጨልጫል። ገዢ ይመጣል፣ ያነሳል፣ አንገቱን ነቅንቆ ያስቀምጣል። አንዱ "ማነው እንዲህ ያደረገው?" ሲለው ጓደኛዬ ደረቱን ነፍቶ "ራሴ!" አለ። ሰውየው አስተዛዝኖት ሄደ።

ከሰዓት በኋላ፣ ገዢ ሁሉ ጥሎት ሲሄድ፣ ነገሩ ገባው። "ታውቅ ነበር?" አለኝ።

"ከማንም በፊት" አልኩት።

ጠመንጃውን አነሳሁት። ሟቹ ዕድሜ ልኩን ጉንጩን ያስደገፈበት፣ ሰደፉ ላይ ወዝ የጠጣ ቦታ ነበር። በጣቴ ብዳብስ አጣሁት። አልዋሽም፣ አንጀቴን በላኝ። ሆኖም መልሼ አስቀምጬ፣ ሳንድዊቼን ይዤ ፊት ለፊቱ ተቀመጥኩ፤ ጠረጴዛውን ብቻውን እስኪያነሳ ድረስም አልተነሳሁም።