ረጅሙ ቁስል ወይስ አጭሩ፦ ከደብረ ታቦር ባሕር ዳር

ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ከደብረ ታቦር መናኸሪያ ተነሣን። ዓረብ አገር በሰው ቤት ስድስት ዓመት ከባድ ዕቃ ሳነሣ ኖሬ፣ አንዱ የወገቤ አጥንት ከታችኛው ላይ ወደ ፊት ተንሸራትቷል። ግራ እግሬም መጎተት ጀምሯል። የባሕር ዳር ሐኪም ሊያየኝ ቀጥሮኛል። አብረውኝ የሄዱት አባቴ ናቸው፤ የገብስ አጨዳቸውን ትተው ከእብናት መጡ።

ወረታ

ከዓለም በር በታች መንገዱ ሲጠማዘዝ የፊቱን ወንበር አንቄ ያዝሁ። ወረታ ስንደርስ ሜዳው ሁሉ ሩዝ ነው። ለቁርስ ወረድን፤ መቀመጥ ስላቃተኝ ቆሜ ሽሮ በሩዝ እንጀራ በላሁ።

«በትንሽ ቀዳዳ ቀዶ ጥገና የሚሠሩ ሐኪሞች አሉ ይባላል፤ እሷ ትሻልሻለች» አሉ አባቴ።

እኔም የተመኘሁት ያንኑ ነበር።

ባሕር ዳር፣ አምስት ሰዓት

ወጣቱ ሐኪም ራጁን አየ፤ እጄን በእግርሽ ግፊ አለኝ። አባቴ ቀደም ብለው «ዶክተር፣ ትንሿን አይሠሩላትም?» አሉት።

«በትንሽ ቀዳዳ ሲሆን ጡንቻ ብዙም አይጎዳም፣ ደምም ብዙ አይፈስም፣ ቶሎ ትነሣለች» አለ። «ሲከፈት ቁስሉ ይረዝማል፣ የመጀመሪያው ሰሞን ሕመምም ይበረታል። ዓመት ሲሞላ ግን ብዙ አይለያዩም። በሁለቱም ነርቩን ከጫና አላቅቀን አጥንቱን በብሎን እናስራለን።»

«የእርስዎ እጅ የለመደው የቱን ነው?» አልኩት።

«ክፍቱን» አለ ሳያመነታ። «ለትንሿ አዲስ አበባ ልጽፍልሽ እችላለሁ፤ ወረፋ አለው። እግርሽ ግን እየደከመ ነው፤ ባይቆይ ይመረጣል።»

አባቴ ወደ ኮሪደሩ ወጥተው ቆዩ። ሲመለሱ «ወገቡ ያንቺ ነው፤ አንቺው ወስኚ» አሉኝ። ክፍቱን መርጬ ፈረምሁ።

ሆስፒታል

በተሠራሁ ማግሥት ሁለት ነርሶች ደግፈው አቆሙኝ። ጮህሁ፤ አባቴ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። ግራ እግሬን ላነሣው ስሞክር ግን ታዘዘኝ።

«አባዬ፣ ይዩት!» አልኩ።

ዞረው ዝቅ ብለው እግሬን አዩ።

ደብረ ታቦር

በሳምንቱ ከኋላ ወንበር ተጋድሜ ተመለስሁ። ቤት እንደገባሁ እንደኔው ከዓረብ አገር የተመለሰች ጎረቤቴ የወገቧን ራጅ ይዛ መጣች።

«ቁስሉ ምን ያህል ይረዝማል?» አለችኝ።

ገልጬ አሳየኋት፤ ፊቷ ተለወጠ። እኔም ስሄድ የፈራሁት ርዝመቱን ነበር።

«እሱን ተዪው» አልኳት። «ሐኪሙን እጁ የለመደው የቱን አሠራር እንደሆነ ጠይቂው። ሳትጠይቂ እንዳትፈርሚ።»