ቀይ ቀለም የቀባኋቸው ዝግባዎች

የመጥረቢያ ድምፅ የሰማሁት የቤተ ክርስቲያኗ ቅጥር ጋ ሳልደርስ ነው። መጀመሪያ ማገዶ የሚፈልጥ ሰው መስሎኝ ነበር... ከዚያ አንድ ከባድ ነገር ሲወድቅ መሬቱ እግሬ ሥር ተንቀጠቀጠ።

ነገሩ የሆነው በዘጠናዎቹ መጨረሻ ነው። ያኔ ደብረ ማርቆስ የምሠራ የደን ባለሙያ ነበርኩ። ከሦስት ሳምንት በፊት ከይጁቤ ወጣ ብላ ወዳለችው ወደዚህች ደብር መጥቼ፣ በግቢዋ ካሉት ዝግባዎች ዕድሜ የጠገቡትን ዐሥራ አንዱን መርጬ ግንዳቸውን ዙሪያውን ቀይ ቀለም ቀብቼ ሄጃለሁ። ቅርስ ተብለው ተመዝግበው ማንም እንዳይነካቸው ነው። ያን ቀን ደግሞ የመመዝገቢያውን ወረቀት ላስፈርም ነበር የመጣሁት፤ በራሴ ኮርቼ፣ ደረቴን ነፍቼ።

ስገባ ሦስቱ ወድቀዋል። ሁለት ጎልማሶች አራተኛው ላይ መጥረቢያ ያነሳሉ። ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ቅጥሩ ሥር ያለቅሳሉ... ሰው የሞተ ነው የሚመስለው።

«አቁሙ፣ ኧረ በእናታችሁ አቁሙ!» እያልኩ ሮጥኩ።

የደብሯን ንብረት የሚጠብቁት ሽማግሌው ቄሰ ገበዝ ወደ እኔ መጡ። ዓይናቸው በለቅሶ አብጧል።

«ምነው ልጄ፣ ቀደምናችሁ እንዴ?» አሉኝ።

«የምን መቅደም ነው አባ?»

«ልትቆርጡት አይደል የቀባችሁት? በሉማሜ መንገድ የመብራት መስመር ሲዘረጋ ቀይ የተቀባው ዛፍ ሁሉ ተቆረጠ። አንተ ስትቀባ ባየን ጊዜ በቃ፣ አለቀልን አልን። የመንግሥት ሰው ነህ፣ ማን ደፍሮ ይጠይቅህ። ሌላ ጭኖ ከሚወስደው ለራሷ ለቤተ ክርስቲያኗ ጣሪያ ይዋል ብለን፣ ይኸው እያለቀስን ጀመርነው።»

እንደምንም ብዬ «አባ... እኔ የቀባሁት እንዳይቆረጡ ነበር» አልኩ።

ከጎልማሶቹ አንዱ መጥረቢያውን ጥሎ ሁለት እጁን አናቱ ላይ ጫነ። አራተኛው ዝግባ ቅርፊቱ ብቻ ነው የተነካው፤ ይተርፋል። ሦስቱን ግን ማን ያቆማቸዋል...

ቄሰ ገበዙ ከሁሉም ትልቁ ግንድ ላይ ቁጭ ብለው ቀለሙን በመዳፋቸው ዳበሱት። አልተቆጡኝም። ቢቆጡኝ በስንት ጣዕሙ።

«ስትቀባ እኔ እዚያ በሩ ላይ ተቀምጬ ነበር» አሉ ቀስ ብለው። «አንዲት ቃል ብትነግረኝ የቀለሙን ቆርቆሮ እኔ ራሴ እይዝልህ ነበር። ምን ነበር እንዲያ ያስቸኮለህ?»

የማርቆስ አውቶቡስ እንዳያመልጠኝ ነው ብዬ በየትኛው አፌ ልንገራቸው...