በታቦር ጭቃ ውሻ ሳንሸራሽር

ውሻ ማንሸራሸር የፈረንጅ ሥራ ነው በሚባልበት ዘመን እኔ አዋሳ ውስጥ፣ በታቦር ዳገት፣ በሐምሌና በነሐሴ ዶፍ ውሻ አንሸራሽሬአለሁ። ይህን የምናገረው በትሕትና አይደለም። በሕይወቴ ብዙ ነገር ጀምሬ ትቻለሁ፤ ሹራብ ጀምሬ ትቻለሁ፣ የማታ ትምህርት ጀምሬ ትቻለሁ፣ አንድ እጮኛም ጀምሬ ትቻለሁ። ይህን ግን ዳር አድርሼዋለሁ።

ጊዜው ደርግ ነው። እኔ ያኔ የአንድ መንግሥት መሥሪያ ቤት ታይፒስት፣ ሃያ አምስት ዓመት የሞላኝ፣ አንዲት ክፍል የቀበሌ ቤት ደርሳኝ ብቻዬን የምኖር፣ አፌ የማያርፍ ሴት ነበርኩ። ውሻዬን ያገኘሁት ሐይቁ ዳር፣ አሞራ ገደል የዓሣ ገበያ ነው። ዓሣ ልገዛ ወርጄ ቆሮሶ የሚባለውን ዓሣ ጭንቅላት የሚጎትት ቡችላ ተከተለኝ። ሁለት ጊዜ ድንጋይ አንስቼ አስፈራራሁት፤ በሦስተኛው እኔው ተሸነፍኩ። ስም አላወጣሁለትም። «አንተ!» ስለው ይመጣል። መንገድ ላይ ስጠራው ግን ከእሱ በፊት ሦስት ወንድ ይዞር ነበር።

አድጎም የራሱ ፕሮግራም ያለው ውሻ ሆነ። ጠዋት የጋሪ ፈረሶችን እስከ አስፋልቱ ይሸኛል፣ ከዚያ ሐይቁ ዳር ወርዶ አባ ኮዳ የሚባሉትን ትልልቅ ወፎች ያባርራል፣ እኔ ከሥራ ስመለስ በር ላይ ይጠብቀኛል። ከእኔ ይልቅ እሱ የመንግሥት ሠራተኛ ይመስል ነበር። በዚያ ዓመት ሐምሌ ሲገባ ግን ቀበሌው ልቅ ውሻ ሁሉ መርዝ ይበላል ብሎ አወጀ። እኔም እንደ አገሩ ሰው ሁሉ ሰንሰለት ገዛሁና ቀን ቀን ከጓሮዬ ግራር ጋር አሰርኩት።

በሳምንቱ ማላዘን ጀመረ። ዝናቡ ሊጥል ሲያጉረመርም፣ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ፣ አፉን ወደ ሰማይ ያነሳና ሆድ የሚበላ ድምፅ ያወጣል። ውሻ ሲያላዝን ደግሞ ምን እንደሚባል የማያውቅ የለም። ሞት ይጠራል።

ከአጥሬ ማዶ ደግሞ ሞት የሚጠራበት በሽተኛ ነበር። ጎረቤቶቼ በሥራ ዝውውር ከሰሜን መጥተው አዋሳ የቀሩ ባልና ሚስት ናቸው። ጋሼ ዕድሜያቸውን ሙሉ የመንገድ ቀያሽ ሆነው አገሩን በእግራቸው የለኩ ሰው ነበሩ። ጡረታ በወጡ በዓመቱ የሳንባ ምች ጣላቸው። ሐኪም ቤት ከርመው በሽታው ለቀቃቸው፣ አቅማቸው ግን አልተመለሰም። ሐኪሙ «ዕረፍት ያድርጉ» አለ። እትዬ ባለቤታቸው ዕረፍት ማለት አልጋ ነው ብለው ያዙና ሁለት ወር ሙሉ ከክፍላቸው አላስወጧቸውም። እህል አልወስድ አላቸው፤ ከሰው ጋር ማውራትም ተዉ። በዚህ ላይ የእኔ ውሻ ከመስኮታቸው ሥር በየቀኑ ያላዝናል። እትዬ በአጥሩ ላይ ጠበል ረጩ። «ሟርትህ በራስህ ይሁን!» እያሉ ጮኹበት። አልሆነም። በመጨረሻ ቀበሌ ሄደው ከሰሱኝ። ያኔ ተናድጄ ነበር እንጂ ዛሬ ሳስበው አልፈርድባቸውም። ባላቸውን ሊያጡ ነበር።

ሊቀመንበሩ በእኔ ዕድሜ ያሉ፣ ሁልጊዜ ካኪ የሚለብሱ ሰው ነበሩ። አስጠርተውኝ፣ «ጓድ፣ ውሻሽ ይታሰር ተብሎ ታስሯል። ታስሮም ይጮኻል። ምን ይደረግ ነው የምትይው?» አሉኝ።

«ይፈታ» አልኩ።

በዚያ ዘመን በቀበሌ ጽሕፈት ቤት ውስጥ እንዲህ ጮክ ተብሎ የሚነገር ቃል አልነበረም። ሊቀመንበሩ ጉሮሯቸውን ጠረጉና ፈረዱ። ከሁለት ሳምንት በኋላ እሑድ ጠቅላላ ስብሰባ አለ። ከነገ ወዲያ ጀምሮ እስከዚያ አንድ ቀን እንኳ ማላዘኑ ከተሰማ ሰኞ መርዙን ይበላል። ዝም ካለ ስብሰባው ይወስናል።

እቤቴ ስገባ ውሻው ጅራቱን እየቆላ ጠበቀኝ። እላዩ ላይ ተደፍቼ አለቀስኩ፤ ከዚያ አፍሬ ተነሣሁ። ሁላችንም የሞከርነው አንድ ዓይነት ነገር ነበር። ርቦት ነው ብለን አጥንት ጨመርን፣ ጠግቦ ነው ብለን ቀነስን፣ ሰንሰለቱን አሳጠርን። አጠገቡ ቁጭ ብሎ ያየው ግን የለም። በማግሥቱ ታምሜአለሁ ብዬ ወደ መሥሪያ ቤት ላክሁና ከቤቴ ጥግ ተደብቄ አየሁት። ድንጋይ በአፉ ያነሳል፣ ያስቀምጣል። ሦስት ጊዜ ዞሮ ይተኛል፣ ይነሳል። ያንኑ ድንጋይ ወደ ቀድሞ ቦታው ይመልሰዋል። ከዚያ አዛጋ፤ ማዛጋቱ ሳያልቅ ማላዘን ሆነ።

ያን ፊት አውቀዋለሁ። የሚመታ ደብዳቤ በሌለበት ቀን ታይፕ ፊት ተቀምጬ የምሆነው እንደዚያው ነው። ውሻው ሞት አልጠራም፤ ሰልችቶት ነው። ሥራ ከመፍታት ልጄን ላፋታት ይባል የለ? እሱ የሚያፋታው ልጅ ስለሌለው ሰፈሩን አወከ።

ከገበያ ወፍራም የቃጫ ገመድ ገዛሁ፤ ቦቲ ጫማ ከአንዲት የሥራ ባልደረባዬ ተዋስኩ፤ ጆንያ አጥፌ በራሴ ላይ ደፋሁ። በመጀመሪያው ጠዋት ውሻው አራት እግሩን ተክሎ አልሄድም አለ። ዝናብ ይጠላል። ጎተትኩት፤ ጎተተኝ። ዳገቱ አጋማሽ ላይ በቂጤ ወርጄ የጎርፍ ቦይ ውስጥ ገባሁ። አንድ ባለጋሪ ፈረሱን አቁሞ፣ «እህቴ፣ ማን ነው ማንን የሚወስደው?» አለኝ። ከዳገቱ ሥር ያሉት የወፍጮ ቤት ሰዎችም፣ «ሰው ልጁን ያዝላል፣ ይቺ ውሻ ታንሸራሽራለች!» እያሉ ሳቁ። እኔም ዝም አላልኩም፤ «እናንተንም የሚያንሸራሽር ይዘዝላችሁ!» ብያቸው አለፍኩ።

በሦስተኛው ቀን መጎተቱን ተወ። በአምስተኛው ጆንያዬን ሳነሳ መዝለል ጀመረ። ጠዋት ከሥራ በፊት ሐይቁ ዳር፣ በምሳ ሰዓት ደግሞ በሩጫ ታቦርን ዞረን እንመለሳለን። መንገድም እንዲቀያየር አደረግሁ፤ ውሻ የአንድን መንገድ ሽታ በሁለት ቀን አንብቦ ይጨርሳል።

መንሸራሸሩ ብቻውን ግን ዘጠኝ ሰዓትን አያሻግርም። እዚህ ላይ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ የእናቴ አገር ረዳኝ። እኛ ሲዳማ ውስጥ ቅቤውም ቆጮውም ገበያ የሚወጣው በእንሰት ቅጠል ተጠቅልሎ በቃጫ ታስሮ ነው። አሠራሩን በልጅነቴ ተምሬዋለሁ፤ ጥሩ ጥቅልል ገዢውም ሳይቀር ለመፍታት ይቸገራል። እኔም የደረቀ የቆሮሶ ጭንቅላት በአንድ ቅጠል ጠቀለልኩ፣ አሰርኩ፣ በሌላ ቅጠል ደገምኩ፣ አሰርኩ፤ እስከ አምስት ደረስኩ። ምሳ ሰዓት ልሄድ ስል እፊቱ አኖርኩለት። ስመለስ ግቢው በቅጠል ብጥስጣሽ ተሞልቶ፣ እሱ መሐሉ ላይ ተዘርሮ ያንኮራፋል። ከአጥሩ ማዶ ድምፅ የለም። አሥር ቀን እንዲህ አለፈ። ጣቶቼ በቃጫ ተላጡ፣ ጉንፋን ያዘኝ፣ ደስታዬን ግን አልቻልኩትም።

ስብሰባው ሦስት ቀን ሲቀረው ጉድ ፈላ። የመሥሪያ ቤቱ የውይይት ክበብ ወደ ምሳ ሰዓት ተዛወረ ተባለ፤ መቅረት አይቻልም። በዚያ ዘመን «ውሻዬን ላንሸራሽር» ብሎ ከውይይት ክበብ የሚቀር ሰው አልተፈጠረም። ውሻው ሳይሄድ፣ ጥቅልሉም ሳይሰጠው ሊውል ነው። ተናጋሪው ስለ ምርት ኃይሎች ያብራራሉ፤ እኔ ሰማዩን በመስኮት አያለሁ። ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ነጎደ። ስብሰባው ሲያበቃ አለቃዬን ሆዴን ቆረጠኝ ብዬ አስፈቀድኩና በዶፉ ውስጥ ሮጥኩ።

የግቢዬ በር ክፍት ነው። ሰንሰለቱ መሬት ላይ ተጋድሟል። የቃጫው ገመድም የለም። ልቅ ውሻ ማለት የሞተ ውሻ ማለት ነው። ወደ መንገድ ስወጣ ፍልሰታ ነበርና እትዬ ከቅዳሴ ተመልሰው፣ ነጠላቸው ከላያቸው ላይ ተጣብቆ፣ ከእሳቸው በር እየጮኹ ወጡ። የጋሼ አልጋ ባዶ ነው።

«ባሌን የት አደረስሻቸው?» አሉኝ።

«እርስዎ ውሻዬን የት አደረሱት?» አልኳቸው።

ሁለታችንም ዝናቡ ውስጥ ቆመን እየተናነቅን ሳለ ከታች፣ ከወፍጮ ቤቱ በኩል ሳቅ ሰማን። ጋሼ ናቸው። ፒጃማቸውን ቦቲ ጫማቸው ውስጥ ጠቅጥቀው፣ ጋቢ ላይ ካፖርት ደርበው፣ የሚስታቸውን ጃንጥላ ይዘው ዳገቱን ይወጣሉ። በሌላው እጃቸው የቃጫው ገመድ፣ በገመዱ ጫፍ ውሻዬ። እየተጓተቱ አይደለም። እንደ ሁለት የድሮ ጓደኞች እኩል ይራመዳሉ።

እትዬ ራሳቸውን ያዙ። «ኧረ ገደሉኝ! እርስዎ ሰውዬ፣ በዚህ ዝናብ!»

«ተይኝ እባክሽ» አሉ ጋሼ፤ ትንፋሻቸው ይቆራረጣል፣ ፊታቸው ግን ቀልቷል። ወደ እኔ ዞረው፣ «አሥር ቀን ሙሉ በመስኮት ሳይሽ ከርሜአለሁ። ቦዩ ውስጥ ስትወድቂማ በሁለት ወር ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቅሁ። ዛሬ ምሳ ሰዓት ጠበቅሁሽ፣ ቀረሽ። ዘጠኝ ሰዓት ላይ አፉን ወደ ሰማይ ሲያነሳ አየሁትና 'ቆይ፣ አንተ!' አልኩት። ዝም አለኝ። ከዚያ ምን ላድርግ፣ ወጣሁ» አሉኝ። ቀጥለው ወደ ሚስታቸው ዞሩና፣ «ርቦኛል። ምን አለ?» አሉ።

እትዬ ሮጠው ገቡ፤ ሽሮው ሲንጨረጨር እስከ እኔ ቤት ተሰማ። በማግሥቱ ጋሼ አልታመሙም። በሦስተኛውም አልታመሙም።

እሑድ አዳራሹ ሞላ። ስለ ስኳርና ስለ ሳሙና ተወራ፣ ስለ ጥበቃ ተራ ተወራ፤ እኔ እጆቼን ጭኔ ላይ አጣብቄ እጠብቃለሁ። ውሻው መግባት ስላልተፈቀደለት ደጅ ከምሰሶ ጋር ታስሮ ዝናብ ይመታዋል። «ልዩ ልዩ» ላይ ሲደረስ ሊቀመንበሩ ከሳሽን ጠሩ። እትዬ ተነሡ።

«ክሱን አንስቻለሁ» አሉ። «ሁለት ወር ጸለይኩ፤ ባሌን አስነሣልኝ አልኩ። እግዚአብሔር መልሱን በማን እንደሚልክ ማን ያውቃል? እኔ መልሱ ደጄ ላይ ሲጮህ ሟርት ነው ብዬ አባረርኩት። ውሻውን ከገደላችሁ ባሌን መልሳችሁ አልጋ ላይ መጣላችሁ ነው፤ ያኔ እኔንም መርዙን አብሉኝ።»

እግዚአብሔር ሲጠራ ሊቀመንበሩ አሳላቸው። ሰው አጉረመረመ። አንድ ከኋላ የተቀመጠ፣ «ውሻው ነገም ቢያላዝንስ?» ብሎ ጠየቀ። ተነሣሁና እንሰቱን፣ ዓሣውን፣ ዝናቡን፣ ሁሉንም ተናገርኩ። የሳቁ ነበሩ፤ ይሳቁ።

«እንዲኖር የምትደግፉ?» አሉ ሊቀመንበሩ። እጆች አንድ በአንድ ወጡ። የወፍጮ ቤቱ ሰዎች አወጡ። ቀና ብዬ ሳይ ከፊት የተቀመጡት ጋሼ ሁለቱንም እጃቸውን ዘርግተዋል።

«ጋሼ፣ ለአንድ ሰው አንድ ድምፅ ነው» አሏቸው ሊቀመንበሩ።

«አውቃለሁ። አንዱ የእሱ ነው፤ እናንተ አትግባ ብላችሁት ውጭ ቆሟል።»

አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። ሊቀመንበሩ ሳቃቸውን ለመዋጥ ታገሉ፣ አልቻሉም። ከዚያ እርሳሳቸውን አነሱና ሁለቱንም እጅ ቆጠሩ።