የጣልኩትን ሳነሳ

ጆሃንስበርግ ውስጥ ሰውነቴን ያየ ሀበሻ ሁሉ ለእኔ ሥራ አያጣም፤ በር ላይ ቁም! ያሳደገኝ አጎቴ እንኳ ጀርሚስተን ላለው የብርድ ልብስ ሱቁ ዘበኛ ሊያደርገኝ ስንቴ ጨቀጨቀኝ። ምን በወጣኝ! ይሄ ሁሉ ቁመት የተሰጠኝ የሰው በር ልጠብቅበት ነው እንዴ? እኔ የአሜሪካ ፉትቦል ተጫዋች ነኝ። ቦታዬ መከላከያ መስመሩ ላይ ነው፤ ፊቴ የሚደረደሩትን ግድንግድ ሰዎች ጥሼ፣ ኳስ ወርዋሪውን ሳይወረውር መጣል ነው ሥራዬ። "ታዲያ አንተ ኳሱን መቼ ነው የምትነካው?" ይለኛል አጎቴ። ብዙውን ጊዜ አልነካውም ስለው በሳቅ ይፈርሳል። እኔ ደግሞ ደሜ ይፈላል።

ክለባችን ደሞዝ አይከፍልም። አንድ ቅዳሜ ግን ከጀርመን አንድ አሰልጣኝ ሊያየን መጣ፤ ከመስመራችን አንድ ሰው መርጦ በደሞዝ ሊወስድ። ከአጎቴ ጋር ተስማማን፤ ካልተመረጥኩ ሰኞ ጠዋት ሱቁ በር ላይ እቆማለሁ። ተስማማን ማለቴ፣ እሱ ተናገረ፣ እኔ ዝም አልኩ። ያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ጨዋታዬን ሊያይ መጣ።

ጨዋታው ገና እንደተጀመረ ፊቴ የቆሙትን ሁለቱን ገፍትሬ አልፌ ወርዋሪውን ከጎኑ ገባሁበት። ኳሱ ከእጁ አመለጠ፤ ልጁም ሳሩ ላይ ተዘርሮ አቃሰተ። እኛ ሰው ፊታችን ሲወድቅ ምንድን ነው የምንለው? "እኔን!" ብዬ ጎንበስ አልኩና በብብቱ ይዤ አነሳሁት፤ አቧራውን ሳይቀር አራገፍኩለት። ኳሱ እኮ ገና ጨዋታ ላይ ነው! የልጁ የቡድን ጓደኛ ኳሱን ከእግሬ ሥር አፈፍ አድርጎ ሮጠና አገባብን።

"ሃይቦ!" ብሎ በአገሩ ቋንቋ ጮኸ የሶዌቶው አሰልጣኛችን፣ ራሱን ይዞ። እረፍት ላይ መጥቶ አፈጠጠብኝ። "አንተ ተጫዋች ነህ ሞግዚት? ሁለተኛ እንዳታነሳ!"

"ኳሱን እይዛለሁ፤ ከዚያ አነሳዋለሁ" አልኩት።

"ምን አልክ?" ሲለኝ ደገምኩለት። እልህ ይዞኛል።

ከእረፍት መልስ ያን ልጅ ደጋግሜ ጣልኩት። አንዴ ኳሱ ሲያመልጠው በሆዴ ተደፋሁበት፤ ፊሽካ እስኪነፋ ንቅንቅ አላልኩም። ከዚያ ሄጄ ልጁን በእጁ ስቤ አስነሳሁት። አሰልጣኛችን ፊቱን አዞረ። ያዙር!

ጨዋታው ሲያልቅ ጀርመኑ አጎቴና እኔ ወደቆምንበት መጣ። "ከእረፍት በኋላ የተጫወተውን ሰው እወስደዋለሁ" አለ። "ከእረፍት በፊት የነበረውን ግን አልፈልገውም። ከፊሽካ በኋላም ቢሆን ማንንም እንደማታነሳ ቃል ግባልኝ።"

እሺ ብለው ኖሮ ነገሩ ያልቅ ነበር። መሄዱን ምን ያህል እንደፈለግኩት እኔ ነኝ የማውቀው። "ሁለቱም አንድ ሰው ናቸው" አልኩት። "ስህተቴን አርሜያለሁ፤ እኔን ግን ማንም አያርመኝም።" ትከሻውን ነቅንቆ ሄደና ከጎኔ የሚጫወተውን ልጅ መረጠ።

መኪና ውስጥ አጎቴ መሪውን በጥፊ መታው። "እሺ ብትለው ምን ይጎልብህ ነበር? አንተን እኮ የሚያጠፋህ አፍህ ነው!"

"አልልም" አልኩ።

"እንግዲያው ሰኞ በሩ ላይ ነህ።"

"ሰኞ ልምምድ አለኝ፣ ጋሼ። በር ላይ አልቆምም።"

መኪናውን አስነስቶ ነዳ። የምኖረው እሱ ቤት ነው፤ ሻንጣህን አውጣ ሊለኝ ነው ብዬ ሰፈራችን ዮቪል እስክንገባ ጠበቅኩ። ቢለኝም ግን አልመለስም፤ ቆርጫለሁ። ከምንኖርበት ፎቅ ሥር መኪናውን አቆመና ሞተሩን አጠፋ። ሳያየኝ፣ እንደተቆጣ፣

"ሰኞ ስንት ሰዓት ላድርስህ?" አለኝ።