ጠይቄ አልተነገረኝም

መርሳ ከተማ ካለው ሱቄ ፖሊሶች ሲወስዱኝ የደንበኛ ስልክ ፈትቼ እየጠገንኩ ነበር። የእኔንም ስልክ ይዘው ወልዲያ ፖሊስ ጣቢያ አደረሱኝ። «ለማን ነው ወሬ የምትልኪው?» ከማለት ሌላ ምክንያት አልነገሩኝም።

የታሰርኩበት ክፍል ጠባብ ነው፤ ግድግዳው እርጥበት ጠጥቶ ኖራው ይረግፋል። ውስጥ ከሐራ ከተማ የመጡ ብርቱካን ነጋዴ፣ አንዲት እናት ነበሩ። ልጃቸው ያለበትን ተናገሩ ተብለው ነው የታሰሩት። ምንም ሳይጠይቁኝ ጠጋ ብለው የጋቢያቸውን ግማሽ አለበሱኝ።

በማግስቱ መርማሪው ከስልኬ የእናቴን የድምፅ መልእክት ከፍቶ አሰማኝ። «በልተሻል ወይ? ሹራብሽንስ ደርበሻል?» ትላለች እናቴ። እሱ ይህ የምን ምልክት እንደሆነ ጠየቀኝ። ተመልሼ ስነግራቸው እኒያ እናት እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ።

«እናት ሁሉ ሰላይ ናት በያቸዋ፣ ዓለሜ።»

እኔም ሳቅኩ። ከተያዝኩ ወዲህ የመጀመሪያዬ ነበር።

ከሰዓት በኋላ ለፎቶና ለአሻራ ጠሩን። ሻሻቸውን አስተካከልኩላቸውና አብረን ወጣን። ፎቶው የት እንደሚቀመጥ፣ አሻራዬንና ከስልኬ የተቀዳውን ማን እንደሚያየው ጠየቅኩ። መርማሪው እንደማይመለከተኝ ነግሮኝ እንድፈርም ወረቀት ገፋልኝ። ከፊርማዬ በላይ «ለምን እንደሚውል ጠይቄ አልተነገረኝም» ብዬ ጻፍኩ። አነበበው።

የእሳቸው ተራ ሲደርስ አውራ ጣታቸውን ሻሻቸው ውስጥ ሸሸጉ።

«ይቺ ልጅ የጻፈችውን ለእኔም ትጻፍልኝ።»

«እማማ፣ ምን እንደጻፈች ያውቃሉ?» አላቸው መርማሪው።

«አላውቅም ብላ ነው የጻፈች። እኔም ወላሂ አላውቅም።»

ተረኛው ፖሊስ ሳቁን ለመደበቅ ፊቱን አዞረ። መርማሪው እስክሪብቶውን ሰጠኝ። ጻፍኩላቸው፤ ከዚያ በኋላ ጣታቸውን አሳረፉ።

ያለ ክስ ተፈታን። ስልኬ ቢመለስም ከውስጡ የተቀዳው የት እንደገባ እስከ ዛሬ የነገረኝ የለም፤ መጠየቄን ግን አልተውኩም። እሳቸው ለገበያ መርሳ በመጡ ቁጥር ሱቄ ጎራ ይላሉ። ባለፈው ሰሞን መታወቂያ ሊያወጡ ሄደው አሻራ ሲጠየቁ፣ ለምን እንደሆነ ካልተነገራቸው እንደማይሰጡ ተናገሩ። መዝጋቢዋ ልጅ ወንበር ስባ አጠገባቸው ተቀምጣ አንድ በአንድ አስረዳቻቸው። ይህንን እንደ ሠርግ ወሬ ነው የነገሩኝ።

«እንደ ሰው ነገረችኝ፣ ዓለሜ» አሉ። «እኔም ጣቴን ሰጠኋት።»