ጣቴን እስኪለቅ

ያለቀናቸው የተወለዱ ሕፃናት ክፍል የምትሠራዋን ነርስ ሁሉም «ሲስተር ቀስ በሉ» ይላታል፤ ቃሉ ከአፏ ስለማይጠፋ ነው። የዓይን ሐኪሙ ለምርመራ በመጣ ቁጥር በር ላይ ታስቆመዋለች።

«ቀስ በሉ! ሕመሙን የሚያስታግስለትን ስኳር ውሃ አሁን ገና ነው ምላሱ ላይ ጠብ ያደረግኩለት። ትንሽ ያጣጥመው እንጂ!»

«እኔንም ብታቀምሺኝ ምናለ?» ይላል ሐኪሙ እየሳቀ።

«አንተ ምን አመመህና!»

ዛሬ ተራው ከመዳፍ እምብዛም የማይበልጥ የአንድ ወንድ ልጅ ነበር። ነርሷ በለስላሳ ጨርቅ ጥቅልል አድርጋ፣ አንድ እጁን ብቻ አውጥታ ጣቷን አስያዘችው። ሐኪሙ የዓይኑን ቆብ በቀጭን የዓይን መክፈቻ ሽቦ ከፍቶ መብራቱን ሲያበራበት ፊቱ ጭምድድ አለ፤ እንደ ድመት ግልገል ጮኸ።

«እኔን፣ እኔን የኔ ጌታ» አለችው ጎንበስ ብላ።

ሁለቱም ዓይኖቹ ታዩ። «አለቀ!» አለ ሐኪሙ።

«ላንተ ነው ያለቀው» አለች ቆጣ ብላ። «እሱ ጣቴን መቼ ለቀቀ?»

ከክፍሉ መስታወት ጀርባ ፊቷን አዙራ ቆማ የነበረችው እናቱ ገባች። «አመመው እንዴ?»

ሐኪሙ «ኧረ ምንም አልሆነም» ሊል ሲል ነርሷ ቀደመችው። «አሞታል፣ እናቴ፤ አልዋሽሽም። ነይ፣ እጅሽን ታጠቢና ጣትሽን ስጪው።»

ልጁ የእናቱን ጣት ጭምቅ አድርጎ ያዘ። ነርሷ የራሷን ጣት እያሻሸች ወደሚቀጥለው ሕፃን አለፈች። ሐኪሙ ግን ከእናትየው አጠገብ ቆሞ ቀረ።

«ምነው? አለቀ አላልክም?» አለችው ነርሷ ዘወር ብላ።

«ቀስ በይ፣ ሲስተር» አላት ድምፁን ዝቅ አድርጎ፤ «ገና አልለቀቀም።»